የእጅና የዓይን ስምምነት፦ በተኩስ ጨዋታዎች ተስማሚውን የማውስ ምላሽ መጠን ስለመፈለግ

(በፋኩልቲው ወርኃዊ ሕዝባዊ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ባልደረባዬ በኮሪደሩ አግኝቶኝ፣ «ርእሱን የሰጠህ ተማሪ ነው ወይስ አንተው ራስህ ነህ የመረጥኸው?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የቁጥጥር ምሕንድስና ሳስተምር የኖርሁ፣ ጠጉሬም የሸበተ ሰው፣ በኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ውስጥ ማውስ ምን ያህል ፈጥኖ ይዙር ብሎ ለመናገር መነሣቱ ያስገርማል። ምክንያቱን ግን አለኝ፤ ከእርሱ ልጀምር።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን ጨዋታ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተርና በሰፈራችን በሚገኝ የጨዋታ ቤት ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። አንድ ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ «አባዬ፣ አንተ መቼም የማሽን ቁጥጥር ነው የምታስተምረው፤ ማውሴ ስንት ላይ ቢሆን ይሻላል?» አለኝ። ልጄ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። እኔ ግን ከወረቀቱ ቀና ሳልል፣ «እጅህ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ብዙ ቢያዞር ጊዜ ትቆጥባለህ፤ ከፍ አድርገው» ብዬ መለስሁለት። አመነኝ። የማውሱን ዲፒአይ ከ800 ወደ 1600፣ የጨዋታውንም ቁጥር ከ1.5 ወደ 3 ከፍ አደረገ። ሁለቱ ሲባዙ የምላሹ መጠን በአራት እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ሦስት ወር ያህል በዚያው ገፋበት። በጥይት የሚመታቸው እየቀነሱ ሄዱ፤ ጓደኞቹ በቡድናቸው ውስጥ የነበረውን ቦታ ለሌላ ልጅ ሰጡበት፤ ከዚያም የቀኝ እጁን አንጓ ያመው ጀመር። ሐኪም ዘንድ ወስደነው እረፍት ታዘዘለት። ከሐኪሙ ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አባዬ፣ ያልከኝን ነው ያደረግሁት።» ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ምንም አልጠየቀኝም።

እኔም ሳስበው ያደረግሁት ጥፋት ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ የማልፈቅደው ሆኖ አገኘሁት። ሥርዓቱን ሳልለካ፣ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ሳልጠይቅ፣ ማጉያውን ጨምር አልሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ጥፋት ለማረም የሄድሁበትን መንገድ ነው።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

ተጫዋቾች «ሴንሲቲቪቲ» የሚሉትን እኔ በዛሬው ንግግሬ «የምላሽ መጠን» እለዋለሁ። ትርጓሜውም፣ እጃችን በጠረጴዛው ላይ የተወሰነ ርቀት ሲንቀሳቀስ በጨዋታው ውስጥ ያለው ዕይታ ስንት ዲግሪ ይዞራል የሚለው ዝምድና ነው።

ማውሱ ከሥሩ ያለውን ወለል በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ምስሎቹን እርስ በርስ እያስተያየ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በቁጥር ይናገራል። 800 ዲፒአይ ማለት እጃችን አንድ ኢንች፣ ይኸውም 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ሲሄድ ማውሱ 800 ጊዜ «ተንቀሳቅሻለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል ማለት ነው። ጨዋታው ደግሞ እያንዳንዱን ማስታወቂያ ወደ ዲግሪ ይመነዝረዋል። በካውንተር ስትራይክ የጨዋታው ቁጥር 1 ሲሆን እያንዳንዱ ማስታወቂያ ዕይታውን 0.022 ዲግሪ ያዞራል። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከኩዌክ ጨዋታ የተወረሰ ነው። ቫሎራንት በሚባለው ጨዋታ ግን ምንዛሪው 0.07 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጨዋታ 1 የሚለው ቁጥር በሌላው ጨዋታ 1 ከሚለው ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው የለም፤ የቫሎራንቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከካውንተር ስትራይክ ወደ ቫሎራንት የሚሻገር ተጫዋች ቁጥሩን ለ3.18 ማካፈል ይኖርበታል።

በዚህ ምክንያት ነው ሁላችሁም አንድ የጋራ መለኪያ እንድትይዙ የምመክረው፤ እርሱም በጨዋታው ውስጥ ሙሉ ክብ፣ ማለት 360 ዲግሪ፣ ለመዞር እጅ በጠረጴዛው ላይ የሚሄደው ርቀት በሴንቲ ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። በስሌት ለማግኘት የሚፈልግም እንዲህ ያስላ፦ 360ን ለ0.022 ስናካፍል ወደ 16,364 ማስታወቂያ ይሆናል። ይህን በዲፒአዩና በጨዋታው ቁጥር ብዜት ስናካፍል ርቀቱን በኢንች እናገኛለን። 800 ዲፒአይና የጨዋታ ቁጥር 1 የያዘ ተጫዋች ሙሉ ክብ ለመዞር 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ልጄ ጥያቄውን ሲያቀርብልኝ የነበረበት 34.6 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከእኔ ምክር በኋላ 8.7 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አንድ ሰው በስተኋላው ያለውን ለማየት ከ4.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ከአውራ ጣት ርዝመት የማይበልጥ መንገድ ብቻ ቀረው ማለት ነው። እኔ ጥሩ ነገር ያደረግሁለት መስሎኝ ነበር።

ስለ ማነጣጠር የምናውቀው

ሰው እጁን ወደ ዒላማ እንዴት እንደሚያደርስ ማጥናት የተጀመረው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ሮበርት ውድዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው ጥናት የእጅ እንቅስቃሴ ሁለት ክፍል እንዳለው አሳይቷል። የመጀመሪያው ፈጣን ውርወራ ነው፤ እጅ አስቀድሞ በተወጠነ ኃይል ወደ ዒላማው አካባቢ ይወረወራል። ሁለተኛው እርማት ነው፤ ዓይን የቀረውን ርቀት አይቶ እጅን ቀስ እያለ ያቀርበዋል። የተኩስ ጨዋታ የሚጫወት ወጣት በስክሪን ላይ ሲታይ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ፖል ፊትስ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ አቀረበ። ሕጉ እንደሚለው ዒላማ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ በርቀቱ ብቻ ወይም በዒላማው ስፋት ብቻ አይወሰንም፤ የሁለቱ ንጽጽር ነው የሚወስነው። የርቀቱን እጥፍ ለዒላማው ስፋት አካፍላችሁ የውጤቱን ባለ 2 መሠረት ሎጋሪዝም ብትወስዱ የድርጊቱን አስቸጋሪነት በቢት ታገኛላችሁ። ጊዜውም ከዚህ አስቸጋሪነት ጋር በቀጥታ እየጨመረ ይሄዳል። ዳግላስ ኤንገልባርትና ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ከእንጨት የተሠራ ማውስ ካበጁ በኋላ፣ ይኸው ኢንግሊሽ ከስቱዋርት ካርድና ከቤቲ በር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1978 ማውስን ከጆይስቲክና ከቁልፎች ጋር ያወዳደረ ጥናት አሳተመ። ማውሱ በለጠ፤ የፊትስ ሕግም በማውስ ላይ እንደሚሠራ ታየ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ምሳሌ ልውሰድ። በጨዋታው ዓለም ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ራስ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ይታየን። ይህ ከተጫዋቹ ዓይን 0.57 ዲግሪ ያህል ይሰፋል። ማነጣጠሪያው መስቀል ከራሱ 10 ዲግሪ ርቆ ከሆነ የድርጊቱ አስቸጋሪነት 5.1 ቢት ይሆናል። የምላሹን መጠን በእጥፍ ብናሳድገውስ? እጅ የሚሄደው ርቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዒላማው በእጅ በኩል ያለው ስፋትም በግማሽ ይቀንሳል። ንጽጽሩ ያው ነው። 5.1 ቢት የነበረው 5.1 ቢት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ «እጅህ ጥቂት ተንቀሳቅሶ ብዙ ቢያዞር ጊዜ ትቆጥባለህ» ያልሁት ምክር በመጀመሪያው እርምጃ ወደቀ። ርቀቱን ሳሳጥርለት ዒላማውንም አብሬ አጥብቤበት ነበር። ከአንድ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው መክተት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ የምላሹ መጠን ምንም ለውጥ የማያመጣ ከሆነ ልጄ ስለምን ተበላሸበት? መልሱ፣ ሕጉ የሚሠራው እጅ ሁሉን ማድረግ በሚችልበት ሰፊ የመካከል ሜዳ ላይ በመሆኑ ነው። ሜዳው ግን በሁለቱም ጫፍ ገደል አለው።

ሁለቱ ገደሎች

የላይኛው ገደል የእጅ ንዝረትና የማውሱ ሰበቃ ነው። የጤነኛ ሰው እጅ እንኳ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ በዓይን በማይታይ መጠን ይንቀጠቀጣል። ድካም፣ ጭንቀት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ሦስተኛውን ስኒ የተሻገረ ቡና ይህን ንዝረት ያባብሰዋል። በዚህ ላይ ማውሱ ከቆመበት ለመነሣት የሚጠይቀው ኃይል አንዴ ከተነሣ በኋላ ለመንሸራተት ከሚጠይቀው ይበልጣል። ስለዚህ እጅ በቀስታ ሲገፋ ማውሱ እምቢ ይልና ድንገት ይዘላል። ያንን የ0.57 ዲግሪ ራስ እናስታውስ። ልጄ በድሮው መጠኑ ሳለ በጠረጴዛው ላይ 0.55 ሚሊ ሜትር ይሰፋለት ነበር። ከእኔ ምክር በኋላ 0.14 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚህ ጠባብ ቦታ ላይ እጁን እንዲያሳርፍ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ያም በአንጓውና በጣቶቹ ብቻ፣ ጡንቻውን አክርሮ ይዞ፣ በቀን ለሰዓታት።

የታችኛው ገደል የጉልበትና የቦታ ነው። የምላሹ መጠን እጅግ ካነሰ ተጫዋቹ ለመዞር ክንዱን በሰፊው መወርወር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ክሪስቶፈር ሃሪስና ዳንኤል ዎልፐርት እንዳብራሩት ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል በጨመረ ቁጥር የራሱ መዛባትም አብሮ ይጨምራል። ከዚያ ሲያልፍ ማውሱ ከምንጣፉ ጠርዝ ይደርሳል። አንሥቶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ያ በተነሣበት ቅጽበት ተጫዋቹ ዕውር ነው።

በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለው ሜዳ ከምናስበው የሰፋ ነው። በይፋ የሚታወቀውን የታዋቂ የካውንተር ስትራይክ ተጫዋቾች ምርጫ ብንመለከት አብዛኞቹ ሙሉ ክብ ለመዞር ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም በዓለም መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ከእነርሱ የአንዱን ቁጥር ገልብጦ መያዝ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው። እርሱ አጥርቶ አይቶበታል፤ የተለካው ግን ለእርሱ ዓይን ነው።

የቁጥጥር ምሕንድስና ምን ይላል?

ተማሪዎቼ የሚያውቁትን አንድ ታሪክ ላንሣ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ሞተሮችን ፍጥነት የሚጠብቁ መቆጣጠሪያዎች አንዳንዴ ፍጥነቱን ከማረጋጋት ይልቅ ራሳቸው ያዋዥቁት ነበር። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ይህን በሒሳብ መረመረው። ከዚህ ሙያ የተማርነው አንዱ ትልቅ ትምህርት፣ ስሕተትን ለማረም የተቻኮለ ሥርዓት የራሱን ስሕተት እንደሚያሳድድ ነው። ይበልጡንም መረጃው ዘግይቶ በሚደርስበት ጊዜ።

ተጫዋች ሰው ነውና መረጃው ይዘገይበታል። ዓይን ያየውን አእምሮ ተቀብሎ እጅን እስኪያዝ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን በእያንዳንዱ ምስል መካከል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በሰከንድ 125 ጊዜ የሚናገር ማውስ 8 ሚሊ ሰከንድ፣ 1000 ጊዜ የሚናገር ደግሞ 1 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መዘግየቱ ሲረዝም ሥርዓቱ ሳይዋዥቅ ሊሸከመው የሚችለው ማጉያ ያንሳል። ልጆች «ቤት የሚሠራልኝ ቁጥር ጨዋታ ቤት ሄጄ እንቢ አለኝ» ሲሉ ሰበብ የሚያበዙ ይመስለን ነበር። እውነት አላቸው። ኮምፒውተሩ ከዘገየ ያው ቁጥር ለእጃቸው እንደ ከፍተኛ ቁጥር ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1942 ዚግለርና ኒኮልስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች ቀላል ዘዴ አቀረቡ። ሥርዓቱ ሳያቋርጥ መዋዠቅ እስኪጀምር ድረስ ማጉያውን ቀስ በቀስ ጨምር፤ መዋዠቅ የጀመረበትን ቁጥር መዝግብ፤ ለቀላሉ ዓይነት ተቆጣጣሪ ከዚያ ግማሹን ውሰድ። ጠርዙን ሳታውቅ መካከሉን አታገኝም ማለታቸው ነው። እኔም ልጄን ይቅርታ ጠይቄ፣ እጁም ድኖ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስመሪያና ወረቀት ይዤ አጠገቡ የተቀመጥሁት ይህን ዘዴ ይዤ ነው።

የሠራነው ሥራ

በመጀመሪያ መለኪያውን አጸዳን። ዊንዶውስ «ኤንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚል ምርጫ አለው፤ ይህ ሲበራ ጠቋሚው የሚሄደው ርቀት በእጅ ርቀት ብቻ ሳይሆን በእጅ ፍጥነትም ይወሰናል። አጠፋነው። በጨዋታውም ውስጥ ከማውሱ በቀጥታ የሚመጣውን ቁጥር እንዲቀበል አደረግን። አንድ ርቀት ሁልጊዜ አንድ ማዕዘን ካልሰጠ ሌላው ልኬት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ቀጥለን የታችኛውን ጠርዝ በጠረጴዛው ለካን። ደንባችን፣ ማውሱ ከምንጣፉ መካከል ተነሥቶ ሳይነሣ 180 ዲግሪ መዞር አለበት የሚል ነበር። ከመካከል እስከ ጠርዝ ያለን ምቹ ቦታ 22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለሙሉ ክብ ከ44 ሴንቲ ሜትር በላይ አይሆንም። ትከሻ ለትከሻ በሚቀመጡበት የጨዋታ ቤት ይህ ከመካከል እስከ ጠርዝ 12 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ያ የተጫዋቹ ጥፋት አይደለም፤ ከ24 በላይ ለመያዝ የሚያስችል ጠረጴዛ የለውም ማለት ነው።

ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ፈለግን። ልጄ በማይንቀሳቀስ ትንሽ ዒላማ ላይ መስቀሉን እንዲያሳርፍ አደረግሁና የምላሹን መጠን በየደረጃው ጨመርሁ። 14 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስንደርስ መስቀሉ ዒላማውን ወዲህና ወዲያ ማለፍ ጀመረ። ልክ እንደ እንፋሎት ሞተሩ።

አሁን በ44 እና በ14 መካከል የት እንጀምር? ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ይቀናል። ነገር ግን ኤርንስት ቬበር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እንዳስተዋለው የሰው ስሜት ለውጥን የሚለየው በልዩነቱ ሳይሆን በንጽጽሩ ነው። ከ14 ወደ 17 መሄድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከ41 ወደ 44 መሄድ ግን እምብዛም አይታወቅም። ስለዚህ ሁለቱን አባዝተን ሥሩን ወሰድን፤ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መጣ። ከእርሱ ግራና ቀኝ በ1.2 እያካፈልንና እያባዛን አራት ደረጃዎች አዘጋጀን፦ 21፣ 25፣ 30 እና 36።

ቀጣዩ እርምጃ ከሁሉም የሚበልጠው ይመስለኛል። ቁጥሩን የማስገባው እኔ ነኝ፤ ልጄ ስንት እንዳስገባሁ አያውቅም። ተጫዋች ቁጥሩን ካወቀ እጁ ሳይሆን እምነቱ ይፈተናል። በየቀኑ ሰዓታችንን ጠብቀን፣ ቅደም ተከተሉን በዕጣ እያወጣን፣ ለሁለት ሳምንት በወረቀት መዘገብን። እጁ ትንሽ የደከመ በመሰለው ቀን አቆምን።

ውጤቱን በትሕትና ላቅርብ፤ የአንድ ልጅ እጅ ነውና ለሌላ ሰው ማስረጃ አይሆንም። 21 ሴንቲ ሜትሩ ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ሆነ። በሦስቱ፣ በ25፣ በ30 እና በ36 መካከል ግን ልዩነት ማግኘት አልቻልንም። አንዱ ደረጃ ሰኞና ሐሙስ ከራሱ ጋር የሚለያየው ሦስቱ እርስ በርስ ከሚለያዩት ይበልጥ ነበር። «የቱ ላይ ነበርን?» ብዬ ስጠይቀውም ብዙ ጊዜ አልለየውም።

ወረቀቱን ዘርግተን ይህን ስንመለከት ልጄ ጥቂት ዝም አለና፣ «አባዬ፣ የድሮዬ ስንት ነበር?» አለኝ። 34.6 ነበር። ከሜዳው መካከል ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ከቁጥሩ ላይ የሚታረም ነገር አልነበረውም። «እንግዲያውስ የድሮዬን ልመልስ» አለ፤ ዲፒአዩን 800፣ የጨዋታውን ቁጥር 1.5 አደረገ።

ከቁጥሩ በኋላ

ታዲያ ልጄ ያኔ የጎደለው ምን ነበር? ወደ ፊትስ ሕግ እንመለስ። የምላሹን መጠን መለወጥ የአስቸጋሪነቱን ቢት አይቀንስም ብለናል። የሚቀንሰው አንድ ነገር አለ፤ ርቀቱን ራሱን በጨዋታው ዓለም ውስጥ ማሳጠር ነው። መስቀሉ ጠላት ሊወጣበት ከሚችለው በር 10 ዲግሪ ርቆ ከመጠበቅ ይልቅ 2.5 ዲግሪ ላይ ቢጠብቅ አስቸጋሪነቱ በሁለት ቢት ይወርዳል፤ ከ5.1 ወደ 3.1። ይህ ከማውስ ሳይሆን ከዕውቀት የሚገኝ ነው፤ ካርታውን ከማወቅ፣ የእግር ኮቴን ከማዳመጥ፣ ተቃራኒው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማሰብ። ቁጥር በመለዋወጥ የሚያልፍ ጊዜ ከዚህ ትምህርት ላይ የሚቀነስ ጊዜ ነው።

በወጣቶች ዘንድ «የእጅ ትዝታ እንዳይጠፋ ቁጥሩን ፈጽሞ አትንኩ» የሚል አባባል እሰማለሁ። ይህም ተጋንኗል። የሰው እጅ ለአዲስ የምላሽ መጠን በፍጥነት ይለምዳል፤ መኪና የቀየረ ሾፌር አዲሱን መሪ ለመልመድ ወራት አይወስድበትም። በየቀኑ መለወጥን የምቃወመው ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው። ሰኞ ተሸንፎ ማክሰኞ ቁጥሩን የሚለውጥ ሰው ሽንፈቱ ከቁጥሩ ይሁን ከልምምዱ፣ ከእንቅልፉ ይሁን ከስክሪኑ መለየት አይችልም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ታገሡት፤ መዝግቡት፤ ከዚያ ፍረዱ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችን በጨዋታ ላይ የሚያጠፉት ሰዓት ሊያሳስበን ይችላል፤ እኔንም ያሳስበኛል። ሰዓቱ ይገደብ፤ እጅ ሲያም ጨዋታው ይቁም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ይታይ። ነገር ግን ልጅ መጥቶ ሲጠይቅ ጥያቄው ስለ ጨዋታ ነው ብለን እንዳንንቀው። በዚያች አንዲት ጥያቄ ውስጥ የመለኪያ፣ የሎጋሪዝም፣ የግብረ መልስ፣ የሙከራ አሠራር ትምህርት ሁሉ ነበረ። በክፍል ውስጥ አንድ መንፈቅ ሙሉ የምለፋበት ትምህርት በራሱ እግር ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እኔ ቀና ሳልል ሸኘሁት።

ልጄ ወደ ድሮ ቡድኑ አልተመለሰም። ከሌሎች ልጆች ጋር ይጫወታል፤ አንዳንዴ ያሸንፋል፤ እጁን አላመመውም። ባለፈው ወር አንድ ማታ ወደ ጥናት ክፍሌ ገብቶ፣ «አባዬ፣ በመነጽር ሲያነጣጥሩ ዕይታው ይጠብባል አይደል፤ ታዲያ የምላሹ መጠን በስንት መቀነስ አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

መልሱን ወዲያው አልሰጠሁትም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ «ና ተቀመጥ፤ እንለካው» አልሁት።